ክሩን ያላላው ሰው

አብዱልሰላም እሑድ እሑድ ከባልደረቦቹ ሁሉ ቀድሞ ሆቴሉ ይደርሳል። ሆቴሉ ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ነው። ጊታሩን በሸራ ቦርሳ አንጠልጥሎ ከታክሲ ሲወርድ ያየው ዘበኛ፣ «ጋሼ፣ ዛሬም ቁልፉን ከኔ ሊቀበሉ ነው? ሳሎኑን ለምን በስምዎ አያዞሩትም?» ይለዋል። አብዱልሰላም ይስቃል። ባዶው ሳሎን ውስጥ ወንበር ስቦ ይቀመጥና ክሮቹን አንድ በአንድ ይቃኛል። ቃኝቶ ሲጨርስ ቤዝ ተጫዋቹ ተወልደብርሃን ይገባል። አብዱልሰላም ወፍራሙን ክር አንዴ ይነካለታል፤ ተወልደብርሃንም ምንም ሳይናገር የራሱን ጊታር ከዚያ ጋር ያስማማል። ከዚያ ከበሮ መቺው ኣባይ፣ ከሁሉም በኋላ ደግሞ ድምፃዊው ጉዲና ይመጣል። ጉዲና ሲመጣ የመቃኘቱ ሥራ አልቋል።

ባንዱ የተቋቋመው በ1961 ዓ.ም. ሲሆን «ቀትር ባንድ» የሚለውን ስም ያገኘው በደርግ ጊዜ ነው። ሰዓት እላፊ ምሽቱን ሲቀማቸው ጭፈራውን ወደ እሑድ ከምሳ በኋላ አዛወሩት። ሰዓት እላፊው ከተነሣ በኋላም ሰዓታቸውን አልለወጡም፤ ደንበኞቻቸውም አብረዋቸው አርጅተው ነበርና ምሽቱን የናፈቀ አልነበረም። የሚጫወቱት ብሉዝና ሮክ ነው። ተወልደብርሃን በልጅነቱ አሥመራ ውስጥ ከአሜሪካ ወታደሮች ራዲዮ ጣቢያ የለቀመውን ይዞ መጣ። ጉዲና ደምቢ ዶሎ በሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ያሠለጠነውን ጉሮሮ አመጣ። አብዱልሰላም ደግሞ ደሴ እናቱ ስታንጎራጉረው ያደገበትን መንዙማ። አባቱ በሕይወት ሳሉ ጊታሩን አንድም ቀን በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ «ያ እንጨት» ነበር የሚሉት። ሲሞቱ ጉርድ ሾላ ያለችውን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተዉለት። አብዱልሰላም ስድስቱን ቀን አቡጀዲና ከፋይ ይቆርጣል፤ ሰባተኛውን ቀን እንጨቱን ይዞ ቦሌ ይወጣል።

ከዘፈኖቻቸው ሁሉ ሰው የሚጠብቀው «አትጥሪኝ» የተባለውን ነበር። ይህ ዘፈን መጨረሻው ላይ ድንገት ወደ ላይ የሚወጣ ቦታ አለው፤ እነሱ «ዳገቷ» ይሏታል። ጉዲና በወጣትነቱ ዳገቷን ሲወጣ አስተናጋጆች ትሪ ይዘው በቆሙበት ይቀሩ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ጉዲና ታይፎይድ ያዘው። ከሆስፒታል ወጥቶ መጀመሪያ በዘፈነበት እሑድ ዳገቷ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ። ሰው በትሕትና አጨበጨበለት፤ እሱ ግን ከመድረኩ ወርዶ ጓዳ ገባና ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«በቃ አብዱ። ወንድሜ ነቀምት ቡና ይነግዳል፤ እሱ ጋ ሄጄ ከረጢት እሰፋለሁ።»

«አሞህ ነው። ይመለሳል።»

«ካልተመለሰስ? ዳገቷን ካልወጣሁ እኔ ምንድነኝ?»

አብዱልሰላም ያን ሳምንት ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ እየተሳሳተ ሰነበተ። በሚቀጥለው እሑድ ቀደም ብሎ ሄደና ክሮቹን ሁሉ አላልቶ ቅኝቱን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረገው። ጉዲና መሣሪያ አይነካም፤ የሚነሣው አብዱልሰላም ከሚከፍትለት ዜማ ነው። እግሩን እዚያ ላይ ያሳርፍና ይሄዳል፤ የት ላይ እንዳረፈ ጠይቆ አያውቅም። ሰሚም ቢሆን ዜማውን እንጂ ከፍታውን አያስታውስም። ያን ቀን ጉዲና ዳገቷን ወጣ። ዘፈኑ እንዳለቀ አብዱልሰላምን አንገቱን አቅፎ ሰው ፊት አለቀሰ።

«ተመለሰልኝ አብዱ! ተመለሰልኝ!»

አብዱልሰላም፣ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ሌላ ምን ይበል?

አንድ ጊዜ ያላሉት ነገር መልሶ አይጠብቅም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ዳገቷ እንደገና ስትከብደው አብዱልሰላም ሌላ ግማሽ ድምፅ ወረደ። ተወልደብርሃን ጆሮው ስለት ነው፤ በመጀመሪያው እሑድ አውቆ ዝም ብሎ ተከተለው። ኣባይም አወቀ፤ ግን «እኔ ቆዳ ነው የምመታው፣ ምን አገባኝ» ብሎ አለፈው። የከበደው ያኔ አምስተኛ ሆኖ አብሯቸው ለነበረው ሳክስፎን ነፊ ነበር። ጣቶቹ የለመዱት መንገድ በየጊዜው ተለወጠበት። አንድ ቀን አብዱልሰላምን ጥግ ወስዶ፣ «ያንተ ክር ነው፤ ታላላዋለህ። ይሄ ናስ ነው፤ የቱን ላላላው? ወይ ንገሩት ወይ ልሂድ» አለው። አልነገሩትም። ሰውየው ድሬዳዋ ገባ። ጉዲና ከዚያ በኋላ ስሙ በተነሣ ቁጥር፣ «ያ ትዕቢተኛ! ዝና ሽቶ ጣለን» ይላል፤ ሦስቱ ባልደረቦቹ ብርጭቋቸውን ያያሉ።

የአብዱልሰላም ሚስት ሀጀር ነገሩን ሁሉ ታውቃለች። ከነጋዴ ወፍራም ክር እያስመጣ ሲለውጥ ታየዋለች፤ ቀጭኑ ክር ከላላ በኋላ እየተንቀጠቀጠ አስቸግሮት ነበር።

«እንዲህ ስታላላው ስታላላው አንድ ቀን ልብስ ልናሰጣበት ነው» ትለዋለች።

«ቢያንስ ሥራ ያገኛል።»

«ቀልዱን ተው። ሰውየው ያወቀ ቀንስ?»

«ከየት ያውቃል?»

«ሐቅ እግር አለው። ደሴ ነው ያደግከው፣ ይሄን ሳትሰማ አላደግክም።»

ሀጀር የምትለው እውነት መሆኑን ያውቃል። መውጫው ግን አይታየውም። ልንገረው ሲል፣ ከመጀመሪያው ዓመት ይልቅ ሁለተኛው ዓመት ከበደው፤ ከሁለተኛው አሥረኛው። በዚያ ላይ ጉዲና ባልተነገረው ነገር ላይ ቤት ሠርቶበታል። ከጨዋታ በኋላ ከደንበኞች ጋር ሲቀመጥ ጣቱን ወደ ጉሮሮው ቀስሮ፣ «የኛ ዘመን ዘፋኞች ሁሉ ወርደዋል። አንዱ እንደ አሮጌ በር ይንቋረራል፤ ሌላው በማጉያ ነው የሚኖረው። እኔ ግን ያው ነኝ። ዳገቷ ምስክሬ ናት» ይላል። የሚለው ለጉራ ብቻ አልነበረም። ትዳሩ ተበትኗል፤ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ናቸው፤ የኪራይ ቤቱን በየጊዜው ይቀያይራል። ሳይለወጥ ቀረልኝ የሚለው ነገር ያቺ ድምፅ ናት።

በ1989 ዓ.ም. ጊታሩ ከጥንቱ ሁለት ሙሉ ድምፅ ወርዶ ነበር። በዚያው ዓመት ኢምራን የሚባል የወሎ ነጋዴ ልጅ፣ የአባቱን ቪላ ጓዳ ግድግዳ በብርድ ልብስና በእንቁላል መያዣ ካርቶን ሸፍኖ ስቱዲዮ ከፈተ። ሌሎቹ ስቱዲዮዎች ባንድ አይፈልጉም፤ አንድ ኪቦርድ የሁሉንም ሥራ ይሠራላቸዋል። ኢምራን ግን ቀትር ባንድን እየሰማ ያደገ ነው። ከዚህ በፊት ካሳተሟቸው ሁለት ካሴቶች ቀጥሎ ሦስተኛውን፣ የድሮ ዘፈኖቻቸውን፣ ልቅረጽላችሁ አላቸው። አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ እኔም በኪቦርድ ልግባበት አለ።

አብዱልሰላም ቀረጻው ሳይጀመር ለብቻው ሄደ።

«ኢምራን፣ ይሄ ኪቦርድህ ይላላል?»

ኢምራን ሳቀ። «ይሄማ አንዲት ቁልፍ ናት ጋሽ አብዱ። ምን ያህል ላውርደው?»

አብዱልሰላም ነገረው። ኢምራን ሳቁን ተወ።

«ያን ያህል? ጋሽ ጉዲና ያውቃሉ?»

«አያውቅም። እንዳያውቅም።»

«ምነው ብትነግሯቸው? የሚያፍሩበት አይደለም እኮ፣ ዕድሜ ነው።»

«አንተ አባትህን አርጅተሃል ብለኸው ታውቃለህ?»

«እሱ ራሱ ነው ቀኑን ሙሉ የሚነግረኝ!»

«እንግዲያው እድለኛ ነህ» አለ አብዱልሰላም።

ቀረጻው መልካም ሄደ። እንደ ልማዳቸው ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው በአንድ ጊዜ ተጫወቱ። ጉዲና «አትጥሪኝ»ን ሲዘፍን ዳገቷን ወጣ፤ ወጥቶም ወረደ። ኢምራን ከመስታወቱ ጀርባ አውራ ጣቱን አነሣ። አብዱልሰላም የዚያን ቀን ቤቱ ሲገባ ለሀጀር፣ «አለፈ» አላት።

ሐሙስ ዕለት ግን ጉዲና በእጁ ክብ ቆርቆሮ ይዞ ስቱዲዮ መጣ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ይበራል።

«ይሄን ታውቁታላችሁ? ሃረገወይንን ታስታውሷታላችሁ፣ መጀመሪያ የተጫወትንበት ክበብ ገንዘብ ተቀባይ? ቤቷን ስታጸዳ አገኘችው። በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት የቀረጹን ቴፕ! ‹አትጥሪኝ› አለበት!»

ኣባይ ቆርቆሮውን ተቀብሎ አሸተተው። «ያኔ የበላነው ጥብስ ሽታ እንኳ አልለቀቀውም።»

«ስሙኝ እንጂ» አለ ጉዲና። «ካሴቱ በዚህ ይጀምር። የድሮው ‹አትጥሪኝ› እስከ ዳገቷ ይሂድ። ልክ ዳገቷ ላይ ኢምራን ይቆርጠውና አዲሱን ያስከትላል። ያኔና አሁን፣ ጎን ለጎን። ሰው የጉዲና ድምፅ ወርዶ እንደሆነ ይፍረድ!»

ተወልደብርሃን የቤዙን ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

«ቴፑ ሻግቶ ይሆናል» አለ አብዱልሰላም።

«ሻጋታውን እንጠርገዋለን።»

«የድሮ ነገር ከአዲስ ጋር አይገጥምም። ሰው ይምታታበታል።»

«ምነው አብዱ? አንተም በጊታርህ አብረህ አለህበት እኮ። ያኔ ምን ትመስል እንደነበር መስማት አትፈልግም? ቅዳሜ ሁላችንም ተሰብስበን እንሰማዋለን።»

አርብ አብዱልሰላም ከጁምዓ ሶላት በቀጥታ ወደ ኢምራን ሄደ። ኢምራን ቴፑን አዳምጦት ነበር። ምንም ሳይጠየቅ፣ «ሰማይና ምድር ናቸው ጋሽ አብዱ» አለው። «ጎን ለጎን ሲሆኑ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።»

«ምን ማድረግ ይቻላል?»

«ቴፑ ጠፋ ልበል?»

«ጉዲና በገዛ እጁ ነው ያስረከበህ። ያኔስ አንተን ምን ይልሃል?»

ኢምራን አሰበ። «ማሽኑን ባዘገየው ድምፁ ይወርዳል። የድሮውን ወደ አሁኑ ማምጣት ነው። ግን ትንሽ ይንቀረፈፋል።»

«አዘግየው» አለ አብዱልሰላም። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የቀረው የጉዲና ወጣትነት ብቻ ነበር፤ እሱንም አላላው።

ቅዳሜ ሁሉም ተሰበሰቡ። ጉዲና ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ኢምራን ማሽኑን አስነሣው። ከማጉያው ወፍራም፣ እንቅልፍ የያዘው የመሰለ ድምፅ ወጣ። ጉዲና ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ሰካራም ማነው?»

«ቴፑ አርጅቶ ነው ጋሽ ጉዲና» አለ ኢምራን፣ ዓይኑን ከማሽኑ ሳያነሣ።

ይህን ጊዜ ነገሩ ሊያልፍ ይችል ነበር። ጉዲና ቅር ብሎት፣ «በቃ ይቅር» ለማለት እጁን አንሥቶ ነበር። ኣባይ ግን ከወንበሩ ተነሣ። ማንም ስለ ማሽኑ አልነገረውም። የሰማው ሌላ ነገር ነው፤ በከበሮው ተዋርዷል።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄን እኔ ነኝ የመታሁት? ይሄ የሬሣ አጀብ ነው! እኔ በሕይወቴ እንዲህ ተጎትቼ አላውቅም። ማሽንህ ነው የተበላሸው። ፍጥነቱን ጨምረው!»

«ኣባይ፣ ተወው» አለ አብዱልሰላም።

«ምን እተወዋለሁ! ይሄ ካሴት ወጥቶ ሰው ኣባይ በወጣትነቱ ይተኛ ነበር ሊል? ጨምር! እኔ በእግሬ እመታልሃለሁ፤ ከእግሬ ጋር ሲገጥም አቁም።» እግሩንም ወለሉ ላይ መምታት ጀመረ።

ጉዲና ሳቀ። «እውነቱን ነው፤ የኣባይ እግር ሰዓት ነው። ጨምረው።»

ኢምራን አብዱልሰላምን አየው። ከዚያ እጁን ወደ ማሽኑ ሰደደ። የማሽኑ ፍጥነት ቀስ በቀስ ጨመረ፤ ከበሮው እየቀለለ፣ እየቀለለ ሄዶ ከኣባይ ጫማ ጋር ገጠመ። ያን ጊዜ የሃያ ዓመቱ ጉዲና ጠራ ብሎ ወጣ። ዳገቷ ላይ ሲደርስ ኢምራን ቴፑን አቆመው።

«ይኸውላችሁ» አለ ጉዲና። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «አሁን አዲሱን።»

ኢምራን አዲሱን አሰማ።

ጉዲና ፈገግ እንዳለ ማዳመጥ ጀመረ፤ ፈገግታው ግን በቦታው ቀረ፣ ምክንያቱ ብቻ ሄደ። «እንደገና» አለ። ኢምራን እንደገና አሰማ፣ የድሮውን ከዚያም አዲሱን። ጉዲና የድሮውን መነሻ በጉሮሮው ይዞ እያጉረመረመ፣ አዲሱ ሲመጣ ወለሉ ከእግሩ በታች ምን ያህል እንደራቀ ለካው። ኣባይ እግሩን መምታት ትቶ የሠራው ነገር ገና አሁን ገብቶት ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ጉዲና። ድምፁ አልተቆጣም።

ጉዲና ወደ አብዱልሰላም ዞረ።

«አብዱ፣ ከመቼ ጀምሮ?»

«ከታይፎይዱ ጀምሮ።»

«ያን እሑድ?»

«አዎ።»

«አቅፌህ አለቀስኩ እኮ። ሰው ፊት።» ጉዲና ሸሚዙ ላይ የሌለ አቧራ አራገፈ። «አንተም ‹አልሐምዱሊላህ› አልከኝ።»

«አልኩ።»

«ሳክስፎን ነፊውስ? የሄደው ለዚህ ነው?»

አብዱልሰላም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ትዕቢተኛ ስለው ዝም ብላችሁ ሰማችሁኝ።»

«ጉዲና፣ ለክፋት አይደለም» አለ ተወልደብርሃን።

«ለክፋት ቢሆንማ ይሻል ነበር፤ እመታችሁ ነበር።» ጉዲና ኮቱን አነሣ። ኢምራን ከመስታወቱ ጀርባ ወጥቶ፣ «ካሴቱስ ጋሽ ጉዲና? ላውጣው ወይስ ይቅር?» አለ። ጉዲና በሩ ላይ ቆመ። «ባለቤቱን ጠይቅ» አለና በአገጩ አብዱልሰላምን አሳየው።

አብዱልሰላም የዚያን ሌሊት አልተኛም። ሀጀር አልወቀሰችውም፤ ያ ደግሞ ከወቀሳ ይልቅ ከበደው። ይቅርታ ልጠይቀው ብሎ አሰበ። ግን የምን ይቅርታ? ያኔ ባያላላው ኖሮ ጉዲና ነቀምት ሄዶ ከረጢት ይሰፋ ነበር። ማላላቱ ደግሞ ይኸው እዚህ አደረሳቸው።

እሑድ ሆቴሉ ሲደርስ ዘበኛው ቁልፍ አልሰጠውም። «ዛሬ ተቀደሙ ጋሼ» አለው። ጉዲና ባዶው ሳሎን ውስጥ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀምጦ ነበር። አብዱልሰላም ሰላም አለው፤ ጉዲናም ሰላም አለው። አብዱልሰላም ጊታሩን አወጣ፤ ወንበር ሳበ።

«ቃኝ» አለ ጉዲና።

«የት ላድርገው?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?»

«ካሁን በኋላ አንተን ነው የምጠይቀው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ አብዱ? እኔ የማውቀው አንተ የነገርከኝን ነው።»

አብዱልሰላም እጁን የክሩ ማጥበቂያ ላይ አሳረፈ። ቢያጠብቀው ጉዲና ሰው ፊት ይሰነጠቃል። ቢያላላው ስድብ ነው። ስለዚህ ባለፈው እሑድ የነበረበት ላይ ተወው፤ ጉዲና የአብዱልሰላምን ጣቶች አንድ በአንድ እያየ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። ተወልደብርሃን ገብቶ ሁለቱን ሲያይ ወፍራሙ ክር እስኪነካለት አልጠበቀም፤ ከጥግ ሆኖ ብቻውን ቃኘ።

ደንበኞቹ መጡ፤ ሳሎኑ ሞላ። ጉዲና የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች በአዲስ ጫማ ጭቃ ላይ እንደሚሄድ ሰው ዘፈናቸው። አንድም አልሳተም። ግን የሚዘፍነውን እየዳሰሰ ነበር፤ እያንዳንዱን ከመርገጡ በፊት ይሞክረዋል። ከዚያ ሰው «አትጥሪኝ!» እያለ ጠረጴዛ መታ።

አብዱልሰላም ከፈተ። የመግቢያው ዜማ አለቀ፤ ጉዲና አልገባም። ማይኩን በሁለት እጁ ይዞ ፊቱን ወደ ጊታሩ አዙሮ ያዳምጣል። አብዱልሰላም ያመለጠው መስሎት ደግሞ ከፈተ። ኣባይ በስሱ ተከተለው፣ ተወልደብርሃንም። መግቢያው አለቀ፤ ጉዲና አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ተደጋግሞ የተነገረውን መንገድ ማመን ያቃተው እንግዳ ይመስል ነበር።

ሰው አዲስ አጨዋወት መስሎት ማጨብጨብ ጀመረ። አንዱ ከኋላ፣ «አቦ አሳምሩት እንጂ!» ብሎ ጮኸ። አብዱልሰላም ማቆም ፈለገ፤ ካቆመ ግን ጉዲና የሚነሣበት አይኖረውም። ከፍ አድርጎ ሊከፍትለትም አይችልም፤ ዝቅ አድርጎም አይችልም። ጉዲናን አየው፤ ጉዲናም አየው፤ አንዳቸውም ሌላውን የሚረዱበት አልነበራቸውም። ጭብጨባው ከከበሮው ጋር ገጥሞ እየደመቀ ሄደ።

አብዱልሰላም እንደገና ከፈተ።